የቤርሳቤህ ሁለተኛ ዓይን

ቅዳሜ ጠዋት ሰላሁን በሩን ሲከፍት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ደጃፉን ተደግፎ አገኘ። ሳይፈታው ምን እንደሆነ አወቀው። ጋዜጣው ትናንት ራሱ የጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ሲባጎውም ያው የእሱ ሲባጎ ነው፤ ቋጠሮው ግን የእሱ አይደለም። እሱ የሚቋጥረው በግራ እጁና በጥርሱ ስለሆነ ቋጠሮው ሁልጊዜ ይላላበታል። ይሄኛውን የቋጠሩት ሁለት ጤነኛ እጆች ናቸው፤ ያውም ተቆጥተው።

ውስጡ የቤርሳቤህ ሥዕል ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የለፋበት፣ በግራ እጁ ከሠራቸው ሁሉ አብልጦ የወደደው ሥዕል። በመስኮቱ ብርሃን አጠገብ ተቀምጣ፣ አንገቷን ወደ ሥራዋ ዘንበል አድርጋ፣ ከጎን የምትታይ ቤርሳቤህ። ከሥዕሉ ጀርባ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ተሰክቷል።

«ሰላሁን፣ ሥዕልህን መልሼልሃለሁ። አባባም አይተውታል። ማክሰኞ ዕለት በአፍህ ያልከኝን፣ ቁጭ ብለህ፣ አስበህ፣ ሦስት ቀን ፈጅተህ በቀለም ትደግመዋለህ ብዬ አልጠበቅኩም። በአፍህ የወጣውን ንዴት ነው ብዬ ይቅር ብዬህ ነበር። ይሄኛውን ግን ምን ልበለው? ሰኞ ጠዋት ወደ ጂንካ እንሄዳለን። ደህና ሁን። ቤርሳቤህ።»

አንዴ አነበበው። ቁጭ ብሎ ደገመው። ሦስተኛውን ቆሞ አነበበ፤ ሰው ቆሞ ሲያነብ የተሻለ የሚገባው ይመስል። ምንም አልገባውም። ደወለላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። በቴሌግራም «ምን አደረግኩ?» ብሎ ጻፈላት፤ ሳይነበብ ቀረ።

ማክሰኞ ያለውን ያውቀዋል፤ አይረሳውም። በቀለም የደገመው ግን ምኑን ነው? ሥዕሉን መስኮት አጠገብ አቁሞ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ግንባሯ ያው ግንባሯ ነው። አፍንጫዋ የራሷ አፍንጫ ነው። ጆሮዋ ላይ ያለችውን ትንሽ የብር ሎቲ ሳይቀር አልረሳትም። ታዲያ ስድቡ የት ጋ ነው የተቀመጠው? ምክንያቱን የሚያውቁት ጠብ ያማል፤ ምክንያቱን የማያውቁት ግን ከማመምም አልፎ ይከነክናል። ያን ጠዋት ሰላሁንን ይበልጥ የጎዳው የትኛው እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

* * *

ሰላሁን ሠዓሊ ሆኖ አልተነሣም። ቀለም ቀቢ ነበር፤ የቤት ቀለም። ከእምድብር መጥቶ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ በልደታ ዙሪያ በተሠሩት ፎቆች ላይ ስቱኮ ሲለስንና ሮለር ሲገፋ ኖሯል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ሐሙስ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የቆመበት የእንጨት መወጣጫ ከእግሩ ሥር ከዳው። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁ ግን ከትከሻው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ነርቩ ተበጥሷል አሉት ሐኪሞቹ። ትኩስ ሻይ ቢፈስበት እንኳ የሚያውቀው ዓይኑ ሲያይ ብቻ ነው።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አሠሪው ስልክ ማንሣት ተወ። የሥራ ጓደኞቹ አንድ ሁለት ጊዜ ሙዝ ይዘው መጥተው በዚያው ቀሩ። ሰላሁን አብነት ሰፈር ባለችው አንድ ክፍሉ ጀርባው ላይ ተኝቶ ጣሪያ ሲያይ ወራት አለፉ። ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል መቀየር እንኳ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ሲሻለው ወደ ሙከሚል ቀለም መሸጫ ሄዶ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዞ ይውላል። ሙከሚል ከድሮ ጀምሮ ቀለም የሚሸጥለት፣ ዛሬ ባይገዛውም በርጩማውን ያልነፈገው ወዳጁ ነው።

ቤርሳቤህን ያያት እዚያ ነው፤ ከሙከሚል ጋር ስትጨቃጨቅ።

«ቀለምህ ሸራዬ ላይ ተሰነጣጠቀ!»

«እኅቴ፣ የእኔ ቀለም ግድግዳ ላይ አሥር ዓመት ይኖራል!»

ሰላሁን ከበርጩማው ሳይነሣ ጣልቃ ገባ። «ቀለሙ አይደለም። መጀመሪያ የቀባሽው ወፍሮብሽ ነው። አቅጥነሽ ሦስት ጊዜ ቀቢው፤ በየመሀሉ በደንብ ይድረቅ።»

ዞር ብላ አየችው። «አንተ ሠዓሊ ነህ?»

«የግድግዳ ሰው ነኝ።»

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ሸራው አልተሰነጠቀም ነበር። «አባባ ያ የግድግዳ ሰው ይምጣ ብለዋል» አለችው።

አባቷ መሪጌታ ገብረየሱስ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በመሥራት የታወቁ ናቸው። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ባለች ክፍል ሸራ ላይ ይስሉና ሸራውን ጠቅልለው ወስደው አዲስ በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። መስመሩን እሳቸው ያወጣሉ። ልብሱንና ሰማዩን ቤርሳቤህ ትሞላለች። ዓይን ግን ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካም፤ እሱም መጨረሻ ላይ፣ በጾም አፍ ነው። ሰላሁን ሸራ ወጣሪና የመጀመሪያውን ነጭ ቀለም ቀቢ ሆኖ ገባ። በሁለተኛው ወር ቤርሳቤህ ቀጭን ብሩሽ አንሥታ በግራ እጁ አስጨበጠችው።

«አልችልም። ይሄ እጅ ከማንኪያ በቀር ይዞ የሚያውቀው ነገር የለም።»

«ማንኪያው አፍህን ስቶት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው እጅህ መንገድ ያውቃል።»

መጀመሪያ መስመር ብቻ አሰመረ። ከዚያ የሸራ ጠርዝ ላይ የሚዞረውን ሐረግ ሠራ። ከዚያ ደግሞ በትርፍራፊ ሸራ የራሱን ሰዎች መሳል ጀመረ፦ ሲሚንቶ የሚሸከሙትን ሴቶች፣ ብረት ላይ ተቀምጠው ምሳ የሚበሉትን ግንበኞች፣ ማንም ሥሏቸው የማያውቀውን። አንድ ቀን ያንን የወደቀበትን መወጣጫ ሳለው፤ እንጨት በእንጨት፣ ሚስማር በሚስማር። በዚያ ሰሞን ነው በሕልሙ መውደቅ የተወው። ቀኝ እጄ ሞተ ብሎ ሲያለቅስ የከረመ ሰው ግራው እዚያው ጎኑ እንደነበረ ያወቀው ገና ያን ጊዜ ነው። ያንን እጅ ያሳየችውን ሴት ባይወዳት ነበር የሚገርመው።

ግን ማን ደፍሮ ይናገር? እሱ የእምድብር ካቶሊክ፣ ባለ አንድ እጅ፣ በቀን ሥራ ያደገ። እሷ የመሪጌታ ልጅ። መሪጌታም አንድ ቀን ሸራ እየለኩ፣ ለማንም የማይናገሩ መስለው፣ «እጅ ማስተማር እችላለሁ፤ ልጅ መዳር ሌላ ነገር ነው» ብለዋል። ሰላሁን ሰምቷል፤ እንዲሰማም ነው የተባለው። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ እሷ በቀኙ፣ በዚያ በማይሰማው እጁ በኩል ተቀምጣ፣ ሥራዋን ስታይ እሱ እሷን አየ። ቀና ስትል እሱ ሸራው ላይ አቀርቅሯል።

ማክሰኞ ዕለት ነው ነገሩ የተበላሸው። ጂንካ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል፤ መሪጌታና ልጃቸው ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጠው ሊሥሉት ነው። ሰላሁን ይህን ያወቀው ከእሷ አንደበት ሳይሆን ሻንጣ ሲታሰር አይቶ ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ወር ሆነኝ። እንዴት እንደምነግርህ ጨንቆኝ…»

«ከዳሽኝ» አላት። «መወጣጫውም እንዳንቺ ነው፤ ሳይናገር ነው የከዳኝ።»

ፊቷ ሲለዋወጥ አየ። ቃሉን ሊመልሰው ፈለገ፤ ቃል ደግሞ አይመለስም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በአፉ ይቅርታ መጠየቅ ያቃተው ሰው በብሩሽ ሊጠይቅ ሦስት ቀን በሩን ዘግቶ ሳላት። አሁን ደግሞ ብሩሹም ወለም ብሎታል፤ የት ጋ እንደሆነ ግን የሚነግረው ጠፋ።

* * *

«እስቲ ስጠኝ» አለ ሙከሚል። ሥዕሉን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ራቅ ብሎ አየው። ከዚያ ቀረብ ብሎ አየው።

«አፍንጫዋን አርዝመህባታል።»

«አፍንጫዋ እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ መሆኑንማ አውቃለሁ። ለእሷ ማን ንገራት አለህ?» ጥቂት አሰበ። «ወይስ ቢጫው ይሆን? ቢጫ አብዝተሃል። ቢጫ የቅናት ነው ይላሉ።»

«የጠዋት ፀሐይ ነው እንጂ ቅናት አይደለም።»

«ለኔ ስለ ቀለም አትንገረኝ፤ በቀለም ነው ልጆች የማሳድገው።» ሥዕሉን አዙሮ ጀርባውን አየ፤ ሸራውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ወላሂ ሰሌ፣ ሴት የሚያስቀይም ነገር አላየሁበትም። ግማሽ ፊት ብቻ መሆኑ ነው እንጂ። የቀረውን ግማሽ ለማን አስቀመጥከው?»

ሳይወዱ ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ ዓይናቸው ሥር ተቀምጦ ሁለቱም አለፉት። አይፈረድባቸውም፤ አንዱ ካቶሊክ አንዱ እስላም ነው። ደግሞም አገር የሚያውቀውን ነገር ማንም ለማንም አያስረዳም።

የሰላሁን ሳቅ ቶሎ ሞተ። «ብሩሽ ዳግመኛ አልይዝም» አለ።

«ምን?»

«ይቅር በይኝ ብዬ ሥዬ፣ ስድብ ሆኖ ከደረሳት፣ ይሄ እጅ ምን ያደርግልኛል? ቀኜ አይሰማኝም። ግራዬ ደግሞ ልቤን አይሰማም። ከሁለቱ ቀኙ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ማንንም አላስቀየመም።»

ሙከሚል መነጽሩን አወረደ። ቀልዱን ትቶ ወዳጁን አየው። ከዚያ ደብዳቤውን ጠየቀውና አነበበው።

«‹አባባም አይተውታል› ትላለች። ሰውየው ሲያዩት የገባቸው፣ እኔና አንተ ስናየው ያልገባን ነገር አለ ማለት ነው። ተናደው ይሆናል፤ ግን ያለ ነገር አልተናደዱም። የእሳቸውን ዓይነት ሥዕል ሄደህ እይ። ከዚያ በኋላ ብሩሽህን ጣለው፣ እኔው ራሴ ገዝቼ ለሌላ ደንበኛ እሰጠዋለሁ።»

ሰላሁን ሥዕሉን አቅፎ ወጣ። ተስፋ ቆርጧል ለማለት ይከብዳል፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ አይከነክነውም።

* * *

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ልደታ ማርያም በር ላይ ተገኘ። እማማ ወለተሰንበት እንደ ልማዳቸው ከአጥሩ ሥር ላስቲክ ዘርግተው ጧፍና የታተሙ ቅዱሳት ሥዕላት ይሸጣሉ። ሰላሁን ፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«ትገዛለህ ወይስ ታያለህ?»

«ላይ ነበር፣ እማማ።»

«እይ። ፀሐዩን ግን አትከልክለኝ፤ ብርዱ አጥንቴ ገብቷል።»

ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ማርያም ከልጇ ጋር። ገብርኤል። ተክለ ሃይማኖት። እነዚህን ያውቃቸዋል። መሪጌታ ባለፉት ስምንት ወራት መላእክትና ጻድቃን ብቻ ነው የሠሩት። ሁሉም በትልልቅ ዓይኖቻቸው ትኩር ብለው ያዩታል። የመሪጌታ እጅ አመል ይመስለው ነበር፤ ለካ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሣሉት። አሁን ገና ገረመው። ለምንድን ነው ሁሉም ሰውን እንዲህ ፊት ለፊት የሚያዩት?

አንዱን አነሣ። ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ቆጠራቸው። አሥራ አንዱ እሱን ሰላሁንን ፊት ለፊት ያዩታል። አንዱ ብቻ ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው የዞረው?»

እማማ ወለተሰንበት ከሥዕሉ ይልቅ እሱን አዩት። «የት ነው ያደግከው አንተ ልጅ?»

«እምድብር ነው። ካቶሊክ ነኝ።»

«ይሁን፣ አንተም የማርያም ልጅ ነህ። ይሁዳ ነዋ! ጌታውን የከዳው!» ሌላ ሥዕል አነሡ፤ ቅዱስ ሚካኤል ሰይጣንን ረግጦ ቆሟል። «ይኸው፣ እሱም እንደዚያው ነው፤ ዓይኑ አንድ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ክፉና ከዳተኛ ግን በጎን ነው የሚሣል፣ አማኝ ከእሱ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይተያይ። አባቶቻችን እንዲህ ነው የደነገጉት። ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል።»

ሥዕሉ ከሰላሁን እጅ ወደቀ። ማክሰኞ «ከዳሽኝ» ብሏታል። አርብ ይሁዳ አድርጎ ሥሎ ልኮላታል። ያውም ከሎቲዋ ጋር።

«ምነው ልጄ? አመመህ?»

«እማማ፣ ሰው ሣልኩ።»

«እና?»

«በጎን።»

«ማንን?»

«የምወዳትን ሴት።»

እማማ ወለተሰንበት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሊስቁ ነበር፤ ፊቱን ሲያዩት ተዉት። «ታዲያ እዚህ ምን ቁጭ ያደርግሃል? ተነሥ! ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ልቧ ውስጥ ይዛ ትደር እንዴ?»

ተነሣ። ጆሮው ድረስ በእፍረት ግሏል። ከእፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፤ ሁለት ቀን ያጣውን ትንፋሽ አገኘ። እጁ አልዋሸም። ቋንቋውን ነው ያላወቀው።

* * *

የመሪጌታ ግቢ የቆርቆሮ በር ተዘግቷል። ሰላሁን አንኳኳ። «ማነው?» አለች ቤርሳቤህ። «እኔ ነኝ» ሲል መቀርቀሪያው አልተነካም። በሩ እንደማይከፈት ቀድሞ ገምቶ ነበርና ተዘጋጅቶ መጥቷል። ደብዳቤውን በበሩ ሥር አስገባው።

«ቤርሳቤህ፣ በግራ እጄ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፊደሉን ታገሺው። ባለ አንድ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ እማማ ወለተሰንበት ነገሩኝ። አላውቅም ነበር። እኛ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሐውልቶች ናቸው፤ ሐውልት በየትም በኩል ቢያዩት ያው ቅዱስ ነው። በጎን የሣልኩሽ ሌላውን ፊትሽን ስለማላውቀው ነው። ስምንት ወር ሙሉ ያየሁሽ አንቺ ሳታዪኝ ብቻ ነው። ግራ ጉንጭሽን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሁለቱን ዓይኖችሽን አንድ ላይ ለማየት ግን ደፍሬ አላውቅም። ብደፍር ታውቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። የማክሰኞው ቃል ግን የራሴ ነው፤ ለእሱ ምክንያት የለኝም፤ ይቅር በይኝ ብቻ ነው የምለው። ሸራ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሁለተኛውን ዓይን ልሣለው? ሰላሁን።»

ከበሩ ወዲያ ወረቀቱ ሲገለጥ ሰማ። ከዚያ ምንም አልሰማም። አንድ ታክሲ «መገናኛ፣ መገናኛ» እያለ አለፈ። ሌላ አለፈ። ይህን ያህል የሚያስነብብ ነገር እንዳልጻፈ ያውቃል፤ ምናልባት ፊደሉ አልነበብ ብሏት ይሆን እያለ ሲጨነቅ መቀርቀሪያው ተሳበ።

ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ስምንት ወር እዚህ ቤት ተቀምጠህ!» አለችው።

«መላእክት ብቻ ነበራ የምትሠሩት! ክፉ ሰው ሲሣል አላየሁም!»

ልትቆጣ የከፈተችው አፍ ሳቅ አመለጠው። እየሳቀች እንባዋ መጣ። ወደ ሥራ ክፍሉ ገብታ ወንበሯን ከቆየበት ቦታ አነሣችና ፊት ለፊቱ አስቀመጠችው።

«ሣል እንግዲህ» አለች። «እያየሁህ ነው።»

ቀና ብሎ አያት። ስምንት ወር የሸሸው ነገር ይኸው ነበር። መጀመሪያ ዓይኑ ሊያመልጥ ፈለገ፤ መሬቱን፣ የቀለም ቆርቆሮውን፣ መስኮቱን ተመኘ። ከዚያ ግን የማወቅ ጉጉት ፍርሃቱን አሸነፈው። ምን ዓይነት ዓይኖች ናቸው? ጥቁር አይደሉም፤ ብርሃን ሲነካቸው ቡናማ ናቸው። ስትናደድ የሚጠብ መስሎት የነበረው ዓይን የሚጠበው ለማልቀስ ስትቃረብ ነው። አንድ ሌላ ነገርም አስተዋለ። ምንም አላላትም፤ ያየውን ብቻ በከሰል አስቀምጦ ብሩሽ አነሣ።

«ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?» አላት እየሣለ።

«‹ሂጂ› እንዳትለኝ ፈርቼ።»

«አትሂጂ ለማለት ምን መብት አለኝ?»

«መብት ማን ጠየቀህ? ብታዝን ነበር የምፈልገው። ‹ከዳሽኝ› ስትለኝ አዝነህ እንደሆነ እንኳ አልገባኝም።»

ብሩሹ ቆመ። «ቤርሳቤህ፣ ከአራተኛ ፎቅ ወድቄያለሁ። ሻንጣሽ ሲታሰር ያየሁ ቀን ግን ይሄኛው ይብሳል አልኩ።»

እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም፤ ዓይኗንም ከእሱ አላነሣችም።

«አታልቅሺ፤ እርጥብ ዓይን መሣል አልተማርኩም።»

«ተማር።»

ተማረ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ወለሉ ላይ እስክትደርስ እሱ ሣለ፣ እሷም ዓይኗን ሳታነሣ አየችው።

* * *

መሪጌታ ገብረየሱስ ከማኅበር ሲመለሱ ሁለቱም ብድግ አሉ። ሽማግሌው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ሸራውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ዓይናቸው ደክሟልና ወደ ፊታቸው በጣም አስጠጉት። ብዙ ቆዩ።

«ዓይኖቹ እኩል አይደሉም» አሉ በመጨረሻ። «ቀኝ ዓይኗ ከግራው ዝቅ ብላለች።»

 ሰላሁን አላስተካክለውም ብሎ ወሰነ። «ያየሁት እንደዚያ ነው፣ መሪጌታ። ያላየሁትን መሣል አልፈለግኩም።»

መሪጌታ ሥዕሉን ዝቅ አድርገው ልጃቸውን አዩ። «ስትወለድ መጀመሪያ ያየችው እናቷ ናት፤ ነፍሷን ይማርና። ‹ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ለማንም እንዳትነግር› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት ማንም አላስተዋለውም። እሷም ራሷ አታውቀውም።»

የቤርሳቤህ እጅ ወደ ቀኝ ዓይኗ ሄደ። «እውነት ነው አባባ?»

«እውነት ነው። እኔ ዓይን ስሠራ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ይህን ለማየት ስንት ጊዜ ማየት እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ።»

 መሪጌታ ሥዕሉን በቦታው መለሱ፤ ፊቱን ወደ ሰዎች አድርገው እንጂ ወደ ግድግዳ አላዞሩትም።

«የጂንካው ግድግዳ እርጥበት አለው ይላሉ» አሉ ድምፃቸውን ለውጠው። «ሸራ ከመለጠፌ በፊት ግድግዳ የሚያውቅ ሰው ሊያየው ይገባል። ልጅ ስለመዳር አይደለም የማወራው። ስለ ግድግዳ ነው።»

«ገብቶኛል፣ መሪጌታ።»

«ጣሪያው ዘጠኝ ሜትር ይሆናል። መወጣጫው የእንጨት ነው። ትወጣለህ?»

ሰላሁን ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ያ ሐሙስ ተመለሰበት፤ የእንጨቱ ጩኸት፣ እግሩ ሥር የጠፋው ነገር፣ ቀኝ እጁ ለመጨረሻ ጊዜ የጨበጠው ባዶ አየር። ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል የማይቀይር ሰው ዘጠኝ ሜትር? ቤርሳቤህ አምፖሉን ታውቃለች፤ ነግሯታል። ቢሆንም «ተዉት አባባ» አላለችም። «ትችላለህ»ም አላለችው። በሁለት ዓይኗ አየችው፤ አንደኛዋ ትንሽ ዝቅ ባለችው። በዚህ ጊዜ እሱም አላቀረቀረም።

«እፈራለሁ» አለ። «ግን እወጣለሁ።»

«መወጣጫ የማይፈራ ሰው ከእኔ ጋር ሠርቶ አያውቅም» አሉ መሪጌታ። በትራቸውን አነሡ። «መኪናው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል። ስቱኮ መለሰኛህን አትርሳ። ብሩሽህንም።» ከበሩ ወጥተው ሄዱ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሰላሁን ሥዕሉን እያየ ነበር፤ በገዛ ግራ እጁ የወጡትን፣ ገና ያልደረቁትን ሁለት ዓይኖች። ቤርሳቤህ እንደ ድሮው በቀኙ መጥታ ቆመች። ምን እያደረገች እንደሆነ አላወቀም፤ በዚያ በኩል ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ዝቅ ብሎ አየ።

እጁን ይዛዋለች።